በጨረቃ ብርሃን የተለማመደው ወታደር

በገና ዕለት ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር ሲመታ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ይህን ጨዋታ የሚመስለው ሆኪ በሕንድ አገር የሕዝብ ኩራት ሆኖ ኖሯል። ለዚህም ኩራት ከሌሎች ይልቅ የደከመውን የድያን ቻንድን ሕይወት ዛሬ በአጭሩ እንመለከታለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድያን ሲንግ ኦገስት 29 ቀን 1905 በአላሀባድ ከተማ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረው የሕንድ ጦር ውስጥ ወታደር ስለ ነበሩ ቤተሰቡ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ቆይቶ በመጨረሻ ጃንሲ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። በዚህም ምክንያት የልጁ ትምህርት ከስድስት ዓመት አላለፈም። በልጅነቱ ይወድ የነበረው ትግል እንጂ ሆኪ አልነበረም። በ1922 በ17 ዓመቱ ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ የሆኪን ዱላ በትጋት የያዘውም ከዚያ ወዲህ ነው። ቀን ሥራው ስለሚይዘው፣ ሜዳውም መብራት ስላልነበረው፣ ጨረቃ እስክትወጣ ጠብቆ ይለማመድ ነበር። ጓደኞቹም ከዚህ የተነሣ ቻንድ አሉት ይባላል፤ ቻንድ በሂንዲ ቋንቋ ጨረቃ ማለት ነው። እኛ ግን ፈተና ሲደርስ ጊዜ አጣን፣ መብራት ጠፋ እያልን ስናማርር ስንት ምሽት አሳልፈናል!

በ1926 የጦሩ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ሄዶ ከ21 ግጥሚያዎች 18ቱን ሲያሸንፍ ድያን ቻንድ አብሮ ነበረ፤ ሲመለስም ማዕረግ ተጨመረለት። በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ 14 ጎሎችን አስቆጠረ። ሕንድም አንድ ጎል ሳይገባባት፣ በመጨረሻው ግጥሚያ ሆላንድን 3 ለ 0 ረትታ ወርቅ ወሰደች። በ1932 በሎስ አንጀለስ አሜሪካን 24 ለ 1 ሲያሸንፉ እርሱ 8፣ ታናሽ ወንድሙ ሩፕ ሲንግ ደግሞ 10 ጎሎችን አገቡ።

በ1936 ወደ በርሊን የሄደው አምበል ሆኖ ነው። ከውድድሩ በፊት በተደረገ የወዳጅነት ግጥሚያ ግን ጀርመን ሕንድን 4 ለ 1 አሸነፈች። ቡድኑ በሽንፈቱ እጅግ ተደናገጠ፤ ጉድለቱንም አውቆ ከአገር ቤት አንድ ተጨማሪ ተጫዋች አስመጣ። ኦገስት 15 ቀን ለዋንጫ ከዚያችው ጀርመን ጋር ተገናኙ። እስከ እረፍት ውጤቱ 1 ለ 0 ብቻ ነበር። ከእረፍት በኋላ ድያን ቻንድ በዝናብ በራሰው ሜዳ ላይ ጫማውን አውልቆ እንደ ተጫወተ ይነገራል። ግጥሚያውም በሕንድ አሸናፊነት 8 ለ 1 አለቀ። አገሩ ገና በባዕድ አገዛዝ ሥር ሳለች ይህ ድል ለሕንዳውያን ምን ያህል ተስፋ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

በ1956 ከጦሩ በሻለቃነት ጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ኒሻን ሸለመው። ኋላም ወጣቶችን አሠለጠነ። ልጁ አሾክ ኩማርም በ1975 በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፓኪስታን ላይ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ።

የሚያሳዝነው መጨረሻው ነው። ያ ስሙ በዓለም የገነነ ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን በገንዘብ ችግር አሳለፈ። በጉበት ካንሰር ታሞም ዴልሂ ሆስፒታል ውስጥ ከማንኛውም ሕመምተኛ ጋር በጋራ ክፍል ተኛ፤ ዲሴምበር 3 ቀን 1979 ዐረፈ። ዛሬ የልደቱ ቀን በሕንድ ብሔራዊ የስፖርት ቀን ነው፤ በዴልሂ ታላቅ ስታዲየም፣ ከ2021 ወዲህም የአገሪቱ ከፍተኛ የስፖርት ሽልማት በስሙ ይጠራሉ።

ክብሩ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው የመጣው ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ እኛ ወጣቶች ከድያን ቻንድ ትጋትን ብንማር፣ ከአገሩ ሰዎች መዘግየት ደግሞ ሌላ ትምህርት እንውሰድ። በየሰፈራችን ለእኛ የደከሙ፣ ዛሬ ግን ጠያቂ ያጡ አረጋውያን አሉ። ስማቸውን በሐውልት ላይ ከመጻፋችን በፊት፣ በሕይወት ሳሉ በራቸውን እናንኳኳ።