ጆን ማካርቲና የኮምፒውተራችን ቆሻሻ

በዲፓርትመንታችን ለአኒሜሽን ስክሪፕት የሚጽፍ ሁሉ ይቺን ነገር ያውቃታል። ስክሪፕቱ አሥር ፍሬም ሲያወጣ ምንም አይል፤ መቶ ላይ ማሽኑ መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ይላል፣ ሜሞሪው ሞልቷላ! ፓይተን ቆሻሻውን ራሱ ያነሳ የለም እንዴ? ያነሳል። ግን ቆሻሻ የሚለው የቱን እንደሆነ ለማወቅ ሐሳቡን ያመነጩትን ሰው ማወቅ ይጠቅማል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ጆን ማካርቲ ልጽፍ ተነሳሁ።

ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1927 ቦስተን ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ከአየርላንድ የመጡ፣ እናታቸው ደግሞ የሊትዌኒያ አይሁዳዊት ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወረ በኋላ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ካልቴክ የሚያስተምርባቸውን የሒሳብ መጻሕፍት ለብቻቸው አጠኑ። ኮሌጁ ሲገቡም የሁለት ዓመት የሒሳብ ኮርስ ዘለሉ። የሚገርመው ከዚሁ ኮሌጅ የታገዱት በውጤት ማነስ ሳይሆን ስፖርት ክፍል አልገባም ብለው ነው (ለአንዳንድ ጓደኞቼ ምሳሌ እንዳይሆን እንጂ)። በ1948 ተመረቁ፤ በ1951 ከፕሪንስተን በሒሳብ ዶክትሬት አገኙ።

ስማቸው በብዛት የሚነሳው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ከሚለው ስያሜ ጋር ነው። በ1955 ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ባዘጋጁት የዳርትማውዝ የምርምር ዕቅድ ላይ ተጠቅመውበታል። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራቸው ቀጥሎ የመጣው ነው።

በ1958 ኤምአይቲ ውስጥ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ጀመሩ። ሊስፕ ሥራው በዝርዝር (ሊስት) ነው፤ ፕሮግራሙ በሄደ ቁጥር አዲስ ዝርዝር ይፈጠራል፣ አሮጌው ይተዋል። የነበራቸው ማሽን አይቢኤም 704 ሲሆን ለዝርዝሮቹ የተረፈው 15,000 ያህል የሜሞሪ ቦታ ብቻ ነበር። ታዲያ የተተወውን ማን ያንሳ? ፕሮግራመሩ ራሱ እየሰረዘ ይሂድ ማለት ይቻል ነበር፤ ማካርቲ ይህ ፕሮግራሙን ያስጠላዋል ብለው አልወደዱትም። እያንዳንዱን ቦታ ስንት ሪፈረንስ እንደያዘው መቁጠርም ሌላ መንገድ ነው፤ ለቆጠራው ግን በ704 ላይ የተረፉት ቢቶች አልተመቹም። እሳቸው የመረጡት ነፃ ቦታ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መሥራት ነው። ሲያልቅ ቆም ይባላል፤ ፕሮግራሙ ከያዘው ተነስቶ የሚደረስበት ሁሉ ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክት የሌለው ነፃ ይሆናል። ጋርቤጅ ኮሌክሽን ማለት ይኸው ነው። በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ ዘዴው አለ፣ ስሙ የለም። ወይ ራሳቸው ፈርተው፣ ወይ ደግሞ የቤተ ሙከራው የቋንቋ አራሚዎች ከልክለዋቸው ሳይሆን አይቀርም የተዉት።

ስሙ ግን አንድ ቀን ራሱ አደባባይ ወጣ። ሊስፕን ለኢንዱስትሪ እንግዶች በቴሌቪዥን እያሳዩ ሳለ ሜሞሪ አለቀና የጽሕፈት ማሽኑ ቆሻሻ ሰብሳቢው ተጠርቷል የሚል ረጅም መልእክት ቀስ እያለ መምታት ጀመረ። ስለ ቆሻሻ ማንም ያነሳ ሰው አልነበረም! የቀረው ሰዓት በዚያው አለቀ፤ ከእንግዶቹም አንዳንዶቹ በአቅራቢዎቹ ላይ የተቀለደ ሳይመስላቸው አልቀረም።

በ1962 ወደ ስታንፎርድ ሄዱ፣ በ1971 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ፣ በ2011 በ84 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ወደ ስክሪፕታችን እንመለስ። የማካርቲ ዘዴ የሚጠይቀው ይፈለጋል ወይ ብሎ ሳይሆን ይደረስበታል ወይ ብሎ ነው። ፓይተን ማካርቲ የተዉትን ቆጠራ ዋና አድርጎ፣ እርስ በርስ ተያይዘው የቀሩትን ደግሞ በሰብሳቢ ያነሳል፤ ሁለቱም ግን አንድ ሰው የያዘውን ነገር አይነኩም። ብሌንደር ላይ ኦብጀክቱን በስክሪፕት ስናጠፋ ሜሹ በፋይሉ ዳታ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፋይሉ ተቀምጦ እንደገና እስኪከፈት ወይም እኛው እስክናስወግደው ድረስ አለ። ፍሬም በተቀየረ ቁጥር እንዲጠራ ያስመዘገብነው ፈንክሽንም እንዲሁ ነው። ስክሪፕቱን አምስት ጊዜ ብናስኬድ አምስት ቅጂ ተመዝግቦ፣ እያንዳንዱ የያዘውን ዳታ እንደያዘ ይቀመጣል። ስለዚህ ሜሞሪው ሲሞላ መጀመሪያ የምናየው ይህን ዝርዝር ነው፦ አሮጌውን ፈንክሽን አውጥቶ አዲሱን ማስገባት፣ ቀጥሎ ተጠቃሚያቸው ዜሮ የሆኑትን ሜሾች መቁጠር። ቁጥሩ በየፍሬሙ እያደገ ከሄደ ሌባው ተያዘ ማለት ነው።