እንቅፋት ነው ተብሎ የታለፈው የእግር ጣት ሕመም፦ የቦብ ማርሌይ ሕይወት

ዓለም ቦብ ማርሌይ ብሎ የሚያውቀው ሮበርት ኔስታ ማርሌይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 በጃማይካ፣ ሴንት አን በተባለው አውራጃ፣ ናይን ማይል በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ሴዴላ ጥቁር ጃማይካዊት፣ አባቱ ኖርቫል ማርሌይ ደግሞ ነጭ ጃማይካዊ ነበሩ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞቱበት ያደገው በእናቱ እጅ ነው። በወጣትነቱ ከእናቱ ጋር በኪንግስተን ከተማ ትሬንች ታውን ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ገብቶ የብየዳ ሥራ ቢጀምርም፣ ልቡ ከዘፈንና ከእግር ኳስ አልተለየም። እ.ኤ.አ. በ1963 ከፒተር ቶሽና ከበኒ ዌይለር ጋር ዌይለርስ የተባለውን ቡድን መሠረተ።

ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው እምነቱ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1966 ጃማይካን ሲጎበኙ ቦብ ለሥራ አሜሪካ ስለ ነበር አላያቸውም፤ ባለቤቱ ሪታ ግን አይታቸዋለች። ከዚያ በኋላ የራስታፈሪያን እምነት ተከታይ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያሰሙትን ንግግርም ከ13 ዓመታት በኋላ ወደ ዘፈን ለውጦ ለዓለም አሰማ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1976 ታጣቂዎች መኖሪያ ቤቱ ገብተው ተኩሰው አቆሰሉት። ከጥቃቱ በኋላም ወደ ለንደን ሄደ። በማግሥቱ ዓመት፣ በአውሮፓ የሙዚቃ ጉዞው ላይ ሳለ፣ ኳስ ሲጫወት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተጎዳ። ጥፍሩ ተነቀለ፤ ቁስሉ ግን አልድን አለ። ለኳስ ተጫዋች የጣት ጉዳት እንግዳ ነገር ስላልሆነ ነገሩ እንደ ተራ ጉዳት ታይቶ ነበር። በመጨረሻ በሐኪም ሲመረመር ከጥፍሩ ሥር የተገኘው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሆነ።

ኳሱ ካንሰሩን አመጣው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ ለሕመሙ ስም ሰጥቶ እውነተኛውን ምክንያት እንደ ሸፈነ ማሰብ ይበልጥ ለእውነት የሚቀርብ ይመስላል። ሜላኖማ የሚነሣው ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጨረር በእጅጉ ስለሚከላከል፣ በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው ሜላኖማ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ጥቂት ነው። (አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች ግን ይህ መከላከያ ስለሌላቸው ፀሐይ ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣቸዋል።) በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው ዓይነት ግን ከፀሐይ ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። በጥቁር ሰዎች ላይ የሚታየው ሜላኖማ በአብዛኛው በእነዚሁ ስፍራዎች የሚገኝ ሲሆን፣ ሰው ውስጥ እግሩን አዘውትሮ ስለማያይ ሳይታወቅ ይቆያል።

ይህን ሕመም ለመጠርጠር መቁረጥም ሆነ መውጋት አያስፈልግም። የመጀመሪያው መሣሪያ ዓይንና የቀን ብርሃን ነው። በምት የረጋ ደም ጥፍሩ ባደገ ቁጥር አብሮ ወደ ፊት ይገፋል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ስለሚችልም በትዕግሥት መከታተል ያሻል። ከጥፍሩ ጋር የማይገፋ፣ በአንድ ጣት ላይ ብቻ የወጣ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚሰፋ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር ግን የደም አመል አይደለም። ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ከተዛመተ ጥርጣሬው ይበረታል። በብዙ ጥቁር ሰዎች ጥፍር ላይ በተፈጥሮ ጠቆር ያለ መስመር ስለሚኖር፣ መስመር ያየ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ለውጡ ነው።

በውስጥ እግር ላይ ደግሞ ባለሙያው ደርማቶስኮፕ በተባለ ብርሃን ባለው ማጉያ ያያል። የእግር ቆዳ እንደ ጣት አሻራ ሸንተረርና ቦይ አለው። ጉዳት የሌለው ነጠብጣብ ቀለሙ በአብዛኛው በቦዩ ውስጥ ሲተኛ፣ የሜላኖማ ቀለም ሸንተረሩን ተከትሎ ይሄዳል። አጠራጣሪውን ምልክት ፎቶግራፍ አንሥቶ ከወራት በኋላ ከአዲስ ምስል ጋር ማነጻጸርም ይረዳል። ሐኪሙ ብሽሽት ዳስሶ ንፍፊት መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። እነዚህ ሁሉ ሕመም የላቸውም። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ከስፍራው ትንሽ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲታይ የሚገኝ ነው።

ለቦብ ማርሌይ የተሰጠው የሕክምና ምክር ጣቱ እንዲቆረጥ ነበር፤ እርሱ ግን አልተቀበለም። ብዙዎች ምክንያቱን አካል ሙሉ ሆኖ እንዲጠበቅ ከሚያዘው እምነቱ ጋር ያያይዙታል። በምትኩ ጥፍሩና በሥሩ ያለው ሥጋ ተነሥቶ ከጭኑ የተወሰደ ቆዳ ተለጠፈበት። ጣትን አሳልፎ መስጠት ለማንም ቀላል ስላልሆነ ውሳኔውን ከሩቅ ሆኖ መፍረድ አይገባም። ሕመሙ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ይድን እንደ ነበር በእርግጠኝነት መናገርም አይቻልም። ሜላኖማ ከቆዳው ወደ ጥልቀት ሳይወርድ ሲገኝ የመዳን ተስፋው እጅግ የተሻለ መሆኑ ግን የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመታት ያህል ያለ ዕረፍት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1978 በኪንግስተን መድረክ ላይ የጃማይካን ተቀናቃኝ የፖለቲካ መሪዎች እጅ ለእጅ አያያዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን ጎበኘ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 በዚምባብዌ የነፃነት በዓል ላይ ዘፈነ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲሮጥ ወደቀ። ሲመረመር ካንሰሩ ወደ አንጎሉ፣ ወደ ሳንባውና ወደ ጉበቱ ተሰራጭቶ ተገኘ። ከሁለት ቀናት በኋላ በፒትስበርግ የመጨረሻ ትርኢቱን አቀረበ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የሚል ስም ተቀበለ። በጀርመን ወራት የፈጀ ሕክምና ተከታትሎ፣ ተስፋው ሲያልቅ ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ፤ ሆኖም ጃማይካ ሳይደርስ ሜይ 11 ቀን 1981 በማያሚ አረፈ። ዕድሜው 36 ዓመት ነበር። ሥርዓተ ቀብሩ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት፣ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ በተገኙበት ተፈጽሞ በተወለደባት ናይን ማይል ተቀበረ።

በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ደጋማ ቀበሌዎች በባዶ እግር ወይም በበረባሶ ድንጋያማ ማሳ የሚያርስ ገበሬ ጣቱ ሲጠቁር ወይም ውስጥ እግሩ ሲቆስል እንቅፋት መታኝ ብሎ ማለፉ የሚጠበቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ካልዳነ፣ ጥቁረቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ደርቆ እንደገና ከደማ ግን ቅጠል ከመለጠፍ በፊት ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳየትና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መላክ ይቻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። ሁለቱም እግሮች ታጥበው፣ ጥፍር ቀለም ወይም ሂና ካለ ለቆ ቢመጣ ባለሙያው በግልጽ ማየት ይችላል።