ክሊፎርድ ቢርስና ስሙ ያልተጻፈው በሽተኛ

ስለ አእምሮ ሕመም ሲነሣ አብዛኛዎቻችን ቶሎ ብለን የምናስበው ሐኪሙንና ሆስፒታሉን ነው። በሕመሙ ውስጥ ያለፈ ሰው ለሌላው በሽተኛ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ግን እምብዛም ትዝ አይለንም። የአሜሪካዊው የክሊፎርድ ቢርስ ታሪክ ይህንኑ ስለሚያሳይ፥ ደግሞም ጭንቀቱ የጀመረው እንደኛው ተማሪ በነበረ ጊዜ ስለሆነ፥ ለአንባቢ ላቀርበው ወደድሁ።

ቢርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. ኮኔቲከት በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፥ በኒው ሔቨን ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚያችው ከተማ ነውና የተማረውም እዚያው ነበር። በ1894 ታላቅ ወንድሙ በሚጥል በሽታ ተያዘ። ቢርስም ይህን ካየ ወዲህ፥ ነገ በእኔ ይደርሳል የሚል ፍርሃት አደረበት። ክፍል ውስጥ መምህሩ ተነሥተህ መልስ ሲለው እዚያው በጓደኞቹ ፊት የሚወድቅ እየመሰለው ይርበተበት ስለ ነበር፥ በመጨረሻ መምህራኑን ለምኖ የቃል ጥያቄ ቀረለት። የፍርሃቱን ሥር ግን ደብቆ ኖረ። ከእኛስ መካከል እንዲህ ያለ ምሥጢር ይዞ በኋላ ወንበር የሚቀመጥ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው?

በ1897 ተመርቆ ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት ሄደ። በሰኔ ወር 1900 ሥራውን ጥሎ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰና ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱን ለመግደል ከቤቱ መስኮት ወደቀ። እግሮቹ ተሰበሩ እንጂ አልሞተም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እጅግ የሚያሳዝን ነው። ቢርስ ወንጀለኛ ሆኖ የሚፈለግ፥ አስታማሚዎቹም ሁሉ መርማሪ ፖሊሶች የሆኑ መሰለው። ሊጠይቁት የሚመጡትን ወላጆቹንና ወንድሞቹን እንኳ የእነሱን መልክ ይዘው የመጡ አታላዮች ናቸው ብሎ አመነ፤ አንደበቱንም ዘጋ። በ1901 ከመጀመሪያው የሕክምና ቤት ወጥቶ ዋሊንግፎርድ በተባለች ከተማ፥ ያስታምመው በነበረ ሰው ቤት ጥቂት ወራት ተቀመጠ። ቢርስን የሰው ቤት ያስጠጋው፥ እንግዲህ፥ ደመወዝተኛ አስታማሚ ነበር። ጥርጣሬው ግን እዚያም ስላልለቀቀው ሃርትፎርድ ወደሚገኘው ሌላ የአእምሮ ሆስፒታል ተወሰደ።

የታሪኩ እምብርት እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቢርስ ሐኪሞቹን አያምንም፤ ዘመዶቹን አያምንም፤ አንድ ሰው ግን ማመን ጀመረ፤ እሱም እንደ እሱ በሽተኛ የሆነ ሰው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ በሽተኛ የፖሊስ ደመወዝ አይበላም። ይህ ጓደኛው ነገሩን ሁሉ ሰምቶ አልሳቀበትም፤ ተሳስተሃል ብሎም አልተከራከረውም። ከግቢ ለመውጣት ፈቃድ ነበረውና ወደ ከተማ ወጥቶ የኒው ሔቨን ነዋሪዎች ስም የተመዘገበበትን መጽሐፍ ገለጠ። የቢርስም ወንድም ስም ከነአድራሻው እዚያ ነበረ። በዚህ ጊዜ ቢርስ ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስትመጣ ይህንኑ ወረቀት በእጅህ ይዘህ ና፥ ያን ጊዜ እውነተኛው ወንድሜ መሆንህን አውቃለሁ የሚል ነበር። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ያደረሰውም ያው ጓደኛው ነው። በማግስቱ፥ ነሐሴ 30 ቀን 1902፥ ወንድሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ጥርጣሬው ያን ዕለት ተሰበረ። ቢርስ ራሱ እንደ ቆጠረው 798 ቀን ሆኖት ነበር።

ያን በሽተኛ ቢርስ በመጽሐፉ በስም አልጠራውም። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙ አላሰቡበትም፤ እኔ ግን ከታላላቆቹ ፕሮፌሰሮች ይልቅ እሱን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ሕመሙ በዚህ አላለቀም። ዝምታው ሄዶ በፈንታው ልክ የሌለው ደስታና የማያባራ ንግግር መጣ። በዚህ ጊዜ እጅን ከገላ ጋር በሚያስር የሸራ ልብስ 21 ሌሊት በተከታታይ ታሰረ። በመንግሥቱ ሆስፒታል ደግሞ ኃይለኞች ናቸው በሚባሉት በሽተኞች ክፍል ገብቶ ድብደባውንና ብርዱን ቀመሰ፤ ለግዛቱ ገዥም ያየውን በሰፊው ጻፈ። በ1903 ወጣ። የሚቀበለው ወንድምና የሚገባበት ቤት ስለ ነበረው ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከአጠገቡ ታስረው ከነበሩት ብዙዎቹ ይህ አልነበራቸውም።

በ1908 የራሱን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። መጽሐፉ ገና በእጅ ጽሑፍ ሳለ ፈላስፋው ዊልያም ጄምስ አንብቦ አድንቆለታል። በዚያው ዓመት የኮኔቲከት የአእምሮ ጤና ማኅበር፥ በ1909 ደግሞ ለመላው አሜሪካ የሚሆን ማኅበር አቋቋመ። በ1913 በኒው ሔቨን በሽተኞች ሳይተኙ የሚታከሙበት ክሊኒክ ተከፈተ። በ1930 ዋሺንግተን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከሃምሳ የበለጡ አገሮች መልእክተኞች ተገኙ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል። የማኅበሩ አመራር የሐኪሞችና የባለጸጎች ሆነ፤ ከበሽተኞች ወገን ቢርስ በጸሐፊነት ቀረ እንጂ ሌሎች የቀድሞ በሽተኞች ሥፍራ አላገኙም። እርግጥ ነው፥ በዚያ ዘመን እብድ ነበር የተባለን ሰው ማን ይሰማዋል? ሐኪሞቹን ከፊቱ ያሰለፈው ለዚህ ይሆናል። ቢሆንም፥ በሃርትፎርድ ያን መዝገብ የገለጠለት ሰው በዚያ ጉባኤ ወንበር ይገባው ነበር እላለሁ።

በ1939 ሕመሙ ስለ ተመለሰበት ቢርስ ፕሮቪደንስ በምትባለው ከተማ በትለር ሆስፒታል በራሱ ፈቃድ ገባ፤ በሐምሌ ወር 1943ም እዚያው ሞተ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሮክላንድ ከተባለው የኒው ዮርክ ሆስፒታል የወጡ በሽተኞች ብቻችንን አይደለንም በሚል ስም እርስ በርሳቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ከዚህም ስብስብ በ1948 ኒው ዮርክ ውስጥ ፋውንቴን ሐውስ የተባለው ቤት ተመሠረተ። አባሎቹ ምሳውን ራሳቸው ያበስላሉ፥ የጽሕፈቱንም ሥራ ከሠራተኞቹ ጋር እኩል ይሠራሉ፤ ከሆስፒታል ወጥተው ማደሪያ ላጡትም ቤቱ በራሱ ስም መኖሪያ እየተከራየ ይሰጣቸው ጀመር።