መኪናው አልሸጥ ሲለው ወንበሩን የቸረቸረው ሰው

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ግሬይሃውንድ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ጎኑ ላይ የሚሮጥ ውሻ የተሳለበት፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደው አውቶብስ ነው። የዚህ ግዙፍ ኩባንያ መነሻ ግን አንድ ከሥራ የተቀነሰ የማዕድን ሠራተኛ ነው። ካርል ኤሪክ ዊክማን ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዊክማን በ1887 ስዊድን ውስጥ፣ ሞራ ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ቮምሁስ የምትባል መንደር ተወለደ። በ1905 አሜሪካ ገባ። መጀመሪያ አሪዞና ውስጥ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠራ፤ በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ሂቢንግ በምትባል ከተማ የብረት ማዕድን ቁፋሮ ላይ ተቀጠረ። በ1914 ሥራው ቀረ።

ከዚያ መኪና ሻጭ ልሁን አለ። ሃፕሞቢል የሚባል ሰባት ሰው የሚይዝ መኪና አቀረበ። ገዢ ግን ጠፋ። ሰዉ መኪና ስለጠላ አልነበረም፤ መሄድማ ሁሉም ይፈልጋል፣ ብሩ ነው የሌለው። እኛ ኢኮኖሚክስ ስንማር መጀመሪያ ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ መፈለግ ብቻውን ገበያ አይሆንም፣ መክፈል መቻልም አለበት።

ዊክማን ታዲያ ምን አደረገ? መኪናውን በወንበር ቸረቸረው። የማዕድን ሠራተኞችን ከሂቢንግ አጠገቧ ወዳለችው አሊስ መንደር ማመላለስ ጀመረ፤ ሒሳቡ ለአንድ ጉዞ 15 ሳንቲም። ሙሉ መኪና መግዛት የማይችለው ሠራተኛ 15 ሳንቲም አላጣም። መኪናው ከልኩ በላይ እየሞላ መሄድ ጀመረ።

ራልፍ ቦጋን የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ በዚያው አካባቢ ወደ ዱሉት ከተማ ይጭን ነበር። ሁለቱ ዋጋ እያወረዱ ከመጠፋፋት በ1915 ተዋሃዱ። በ1918 ድርጅታቸው 18 አውቶብስ ነበረው። ነገሩ ቀላል ስሌት ነው፦ ወንበሩ ሞላም አልሞላም ሹፌሩ ይከፈለዋል፣ ነዳጁም ይቃጠላል። ስለዚህ ትርፉ ያለው የመጨረሻዎቹ ወንበሮች ላይ ነው። መስመሮች ሲገናኙ ደግሞ ከአንዱ የወረደው ተሳፋሪ ሌላው ላይ ይወጣል። ዊክማን ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያሳለፈው ትንንሽ መስመሮችን በመግዛትና በማገናኘት ነው። ግሬይሃውንድ ኮርፖሬሽን የተወለደው እንዲህ ነው።

ወዲያው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ። በ1931 የኩባንያው ዕዳ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ግን አልወደቀም፤ ኢኮኖሚው ሲያገግም እሱም አገገመ። በ1934 የወጣውና አውቶብስ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎችን ፍቅር የሚያሳየው ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት የተሰኘው ፊልምም የአውቶብስ ጉዞን በሰዉ ዘንድ አስወደደው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሩ፣ ወንበሩን የገዛ ሁሉ የፈለገበት መቀመጥ አይችልም ነበር። በደቡብ ግዛቶች ሕጉ ጥቁሮችን ከኋላ ያስቀምጥ ነበር። በ1944፣ ዊክማን ገና የኩባንያው ፕሬዚዳንት እያለ፣ አይሪን ሞርጋን የተባለች ጥቁር ሴት በግሬይሃውንድ አውቶብስ ከቨርጂኒያ ወደ ባልቲሞር ስትጓዝ ወንበርሽን ለነጭ ልቀቂ ተባለች። እምቢ አለች፤ ታሰረች። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1946 አሸነፈች፤ በክፍለ ግዛቶች መካከል በሚሄዱ አውቶብሶች ላይ ያ ሕግ እንዳይሠራ ተፈረደ። በዚያው ዓመት ዊክማን ጡረታ ወጣ።

ፍርዱ ግን ለብዙ ዓመታት ወረቀት ላይ ቀረ። ዊክማን በ1954 በ66 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ። ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 1961፣ ጥቁሮችና ነጮች ፍርዱ በተግባር እንዲውል ብለው አብረው ተሳፍረው ወደ ደቡብ ሄዱ። አላባማ ውስጥ አኒስተን አጠገብ የተሳፈሩበት የግሬይሃውንድ አውቶብስ በነጮች መንጋ ተቃጠለ። በአውቶብስና በመናኸሪያ ሰውን በቀለም መለየት የሚከለክለው የፌዴራል መመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው።

ሂቢንግ ዛሬ የግሬይሃውንድ ሙዚየም አላት። ዊክማን ወንበሩን ርካሽ አደረገው፤ ያ ትልቅ ሥራ ነው። ወንበሩን የሁሉም ያደረጉት ግን ትኬት ቆርጠው የተሳፈሩት ናቸው።