የአቬሮኑ ልጅና ሐኪሙ ዣን ኢታር

ዶክተር ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር እ.ኤ.አ. በ1774 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኦሬዞን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ያሰበላቸው የባንክ ሥራ ነበር፤ አብዮቱ መጣና ወታደር ሆስፒታል ገብተው ሐኪም ሆነው ወጡ። በ1800 ማብቂያ ላይ ፓሪስ በሚገኘው መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ተቋም ተቀጠሩ። የጆሮ ሕክምና መጽሐፋቸው በ1821 ታትሟል። እኛ መምህራን የምናነሣቸው ግን በአንድ ልጅ ምክንያት ነው።

ይህ ልጅ በጥር 1800 በአቬሮን አውራጃ ከጫካ ብቅ ያለ፣ የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ነው። አይናገርም፣ ይናከሳል፣ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ስመ ጥሩው ሐኪም ፒኔል አይድንም ብለው ፈረዱበት። ኢታር አልተቀበሉም፤ «ኦ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ዞር ስለሚል ቪክቶር አሉትና ማስተማር ጀመሩ። ኦቲዝም የሚባል ስያሜ ያን ጊዜ የለም፤ ካነር ስለ ኦቲዝም የጻፉት በ1943 ነው። ቪክቶር ኦቲዝም ነበረበት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ።

ዘዴያቸውን ልብ በሉ። ቁልፍ፣ መቀስና መዶሻ በሰሌዳ ላይ ሥለው ልጁ ዕቃውን ከየሥዕሉ ጋር እንዲያዛምድ ያደርጋሉ፤ ያንን ሲችል ወደ ፊደል ይሻገራሉ። አንድ ደረጃ ሲከብደው ደግሞ ደረጃውን ይከፋፍሉታል። ጨርሶ ሲያስቸግር ግን አንድ ቀን ከፎቅ መስኮት ወደ ውጭ ዘቅዝቀው ይዘውታል! ልጁ አለቀሰ፣ ካርዶቹንም ለቀመ። ሠራ ተብሎ የሚቀዳ ነገር አይደለም፤ ሕፃን በፍርሃት ካርድ ቢለቅም ምን ተማረ ይባላል?

ወተትን እንመልከት። ቪክቶር በፈረንሳይኛ ወተት የሚለውን ቃል አለ፤ ነገር ግን የሚለው ወተቱ ከተሰጠው በኋላ በደስታ እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም። ኢታር አዘኑ። በፊደላት ግን ቃሉን መደርደር ተማረ። ከዚያ በኋላ፣ ወተት ወደሚጠጣበት ሰው ቤት ሲወሰድ፣ ማንም ሳያዘው አራቱን ፊደላት ከቤት ይዞ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። መጠየቅ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? በዛሬ ጊዜ የማይናገር ልጅ ሥዕል እየሰጠ እንዲጠይቅ ይሠለጥናል። ኢታር ግን አፉን ነበር የጠበቁት። የሚሠሩት እኮ በምልክት በሚግባቡ ተማሪዎች መካከል ነው፤ ቪክቶርን የምልክት ቋንቋ አላስተማሩትም። ከአምስት ዓመት ያህል ልፋት በኋላ በ1806 ሪፖርታቸውን ጻፉና ተዉት።

ታዲያ ቤት ውስጥ ማን ነበር? ማዳም ጌሬን ናቸው። የሚያጥቡት፣ የሚያበሉት፣ ሽርሽር የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ቪክቶር እንደ ልማዱ የሟቹን ሳህን ገበታ ላይ አኖረ፤ ማዳም ጌሬን አለቀሱ። ልጁ አያቸው፣ ሳህኑን አንሥቶ መለሰ፣ ከዚያ ወዲያ አላወጣውም። ይህን ማንም በትምህርት ሰዓት አላሠለጠነውም።

የኢታርን ዘዴ ተማሪያቸው ሴገን አስፋፋው፤ ማሪያ ሞንቴሶሪም ከሁለቱ ጽሑፎች ወስደው በ1907 ሮም ላይ የሕፃናት ቤት ከፈቱ። ዶክተሩ በ1838 አረፉ። ማዳም ጌሬን ከመንግሥት በዓመት 150 ፍራንክ እየተከፈላቸው፣ ከተቋሙ አቅራቢያ ባለ ቤት ቪክቶርን ይዘው ኖሩ፤ እሱም እሳቸው ዘንድ እንዳለ በ1828 ሞተ።