ዓለምን በብስክሌት የዞረው ቶማስ ስቲቨንስ

ቶማስ ስቲቨንስ በ1854 ዓ.ም. (በኤውሮፓውያን አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በሚያዝያ ወር 1884 ዓ.ም. ብቻውን ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሣ። የብስክሌቱ የፊት መንኰራኵር ከፍታው 127 ሳንቲሜትር፣ ጎማውም ነፋስ የሌለበት ድፍን ነበረ፤ ስለዚህ የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ አጥንቱን ይነቀንቀው፣ እንቅፋት ሲያጋጥመውም በግንባሩ ይደፋው ነበር። የዝናብ ልብሱ በሌሊት ድንኳኑ ነበረ። አሸዋና ዳገት በበዛበት ስፍራ እየወረደ ብስክሌቱን ገፋ፤ ከ104 ቀን በኋላ ቦስተን ሲገባ የመንገዱን ሲሶ ያህል በእግሩ ሄዶ ነበር። ከዚያም ባሕሩን በመርከብ እየተሻገረ፣ በኤውሮፓ፣ በቱርክ፣ በፋርስ፣ በሕንድና በቻይና አልፎ በታኅሣሥ 1886 ዓ.ም. ጃፓን አገር ዮኮሃማ ደረሰ። በ1935 ዓ.ም. ዐረፈ።

እኛም ተማሪዎች ከታሪኩ የምንማረው፣ መንገዱ ሲከብድ ወርዶ መግፋት ሽንፈት አለመሆኑን ነው።