ኖኅ ዌብስተርና የአሜሪካኖች እንግሊዝኛ

በዚህ ትምህርት ቤት ሁላችንም እንግሊዝኛ እንማራለን፤ አነጋገራችን ግን አንድ አይደለም። የትምህርቱን ሰዓት መደብ አንዱ ሼጁል ሲለው ሌላው ስኬጁል ይለዋል፤ በዚህም ብዙ ጊዜ እንከራከራለን። ከገጠር የመጣ አንድ ጓደኛችን በአነጋገሩ ስለ ተሳቀበት ለብዙ ሳምንታት እጁን ማንሣት ትቶ ነበር። ከሳቁት መካከል እኛም ነበርን። ስለዚህ አነጋገሩ ይናቅበት የነበረውን ሕዝብ ያኮራውን የኖኅ ዌብስተርን ታሪክ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ልንጽፍ ወደድን።

ኖኅ ዌብስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1758 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ፥ ኮኔቲከት በሚባለው ክፍል፥ በሃርትፎርድ አጠገብ ተወለደ። ያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነበረ። አባቱ ገበሬ ነበር፤ ልጁን ወደ ዬል ኮሌጅ ለመላክ የእርሻ መሬቱን አስይዞ ገንዘብ ተበደረ። ኖኅ በ1774 ገብቶ በ1778 ሲመረቅ አሜሪካኖች ስለ ነፃነታቸው ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ ነበር።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች የኮኔቲከትንና የአካባቢውን ሰዎች ያንኪ እያሉ ይሰድቧቸው፥ ያንኪ ዱድል በሚባለውም ዘፈን ይዘብቱባቸው ነበር። አሜሪካኖቹ ግን ስድቡን እንደ ማዕርግ ስም ተቀበሉት፤ ዘፈኑንም ራሳቸው ይዘፍኑት ጀመር። እንዲህ ያለ ቅጽል ስም በሌሎቹም ዘንድ አለ። የእንግሊዝ መርከበኞች ስከርቪ ከሚባለው በሽታ ለመዳን የሎሚ ጭማቂ ይጠጡ ስለ ነበር እንግሊዞች ላይሚ ተባሉ፤ የኒው ዚላንድ ሰዎችም መብረር በማይችለው ወፋቸው ስም ኪዊ ይባላሉ።

ዌብስተር ከኮሌጅ ከወጣ በኋላ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ የሚያነቡት መጽሐፍ ግን ከእንግሊዝ የመጣ ነበር። ነፃ የወጣ ሕዝብ ልጆቹን በራሱ መጽሐፍ ማስተማር ይገባዋል ብሎ በ1783 የፊደል መማሪያ አሳተመ። ሽፋኑ ሰማያዊ የነበረው ይህ መጽሐፍ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ1789 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍም የቋንቋ ሕግ የሕዝቡ የጋራ ልማድ እንጂ የለንደን ቤተ መንግሥትና ቲያትር አለመሆኑን አስረዳ።

ይሁን እንጂ እርሱም ጉድለት ነበረበት። የመላው አሜሪካ አነጋገር አንድ እንዲሆን በመፈለጉ በየአውራጃው ያለውን ልዩነት መታረም እንዳለበት ስሕተት ይቆጥረው ነበር። የአሜሪካ ቋንቋ ወደ ፊት ከእንግሊዝ ቋንቋ ፈጽሞ ይለያል ብሎ መገመቱም አልተፈጸመም።

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመረ። የመጀመሪያው በ1806 ወጣ፤ ታላቁን ለመፈጸም ግን ከ20 ዓመት በላይ ደከመ። የቃላትን ምንጭ ለማግኘት ብዙ ቋንቋዎችን አጠና፤ ከእነዚህም አንዱ የእኛው ግዕዝ ነበረ። በ1824 ወደ ፓሪስና ወደ ካምብሪጅ ተሻግሮ ሥራውን በ1825 ፈጸመ። መጽሐፉ 70,000 ያህል ቃላት ይዞ በ1828 ሲታተም ዕድሜው 70 ዓመት ሊሆነው ነበር። አሜሪካኖች ቀለምና ክብር የሚሉትን ቃላት ዩ የምትባለውን ፊደል አስቀርተው መጻፋቸው በእርሱ መጻሕፍት ጸና። ምላስና ሴቶች ለሚሉት ቃላት ያወጣው አዲስ አጻጻፍ ግን ተቀባይ አላገኘም።

የመዝገበ ቃላቱ ዋጋ 20 ዶላር ስለ ነበር ገዢው ጥቂት ሆነ። ዌብስተር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ፥ አባቱ መሬቱን እንዳስያዘለት እርሱም ቤቱን አስይዞ ሁለተኛውን እትም አወጣ። በ1843 በኒው ሄቨን ከተማ ዐረፈ። ሜሪያም የሚባሉ ወንድማማቾች የማሳተሙን መብት ገዝተው ሥራውን ስለ ቀጠሉ፥ መዝገበ ቃላቱ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል።

ዛሬ ከአሜሪካኖች የሚበዙት በቃል መጨረሻ ያለውን የር ድምፅ አጉልተው ሲናገሩ፥ ከደቡብ እንግሊዝ ሰዎች የሚበዙት ይውጡታል፤ ሆኖም እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። የቋንቋው ባለቤቶች እንኳ በአንድ አፍ ካልተናገሩት፥ እኛ በጓደኛችን አነጋገር የሳቅነው ምን ይዘን ነው? እርሱ ዛሬ እጁን ያነሣል። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን ሆይ፥ በክፍላችሁ ውስጥ በአነጋገሩ አፍሮ እጁን የሚያጥፍ ተማሪ እንዳይኖር አደራ እንላለን።